ዓመት የፈጀ የጥርስ ሕመም

ጥርሴ ጤነኛ ነው። አንዱም ታሞ አያውቅም። ግን የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ሰው ብትጠይቁ፣ “ሱንዱስ? እሷማ ዓመቱን ሙሉ ጥርሷን ስትታከም ነው የከረመች” ይሏችኋል። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አስፈቅጄ የምወጣው ለጥርሴ ነበር። ቅዳሜ ከሰርግ የምቀረው ለጥርሴ ነበር። አለቃችን አንድ ቀን አዝነው፣ “ልጄ፣ ይኼ ሐኪምሽ ይነቅላል ወይስ ይተክላል?” ብለውኛል።

በዚህ ውሸት ከሁሉም በላይ የደከመችው ቃልኪዳን ናት። መዝገብ ቤት ውስጥ ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ጋር የተገጠመ፣ ሰባት ዓመት አብረን ፋይል ያገላበጥን ጓደኛዬ ናት። አባቷ ከናዝሬት ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሷ ባሕር ዳር ተወልዳ ብታድግም ንግግሯ የቤታቸውን ነው። ሥጋ ባለ ቀን እሷ የሷን እኔ የኔን እንበላለን፤ በጾም ቀን ግን ከአንድ ምሳ ዕቃ ነው። ጥርሴን ካልሁ ወዲህ ሽሮውን እያቀጠነች ማምጣት ጀመረች። ቅርንፉድ በወረቀት ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጥልኛለች። እኔም ለይሉኝታ ስል በአንድ በኩል ብቻ አላምጣለሁ። በአንድ በኩል ማላመጥ ሲቆይ ልማድ ይሆናል፤ አሁንም አልተወኝም።

እውነቱ ጃፓንኛ እየተማርሁ ነበር።

አባቴ ጀላሉዲን ከወረታ መጥቶ እዚህ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ስትሮክ መትቶት ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ሲቆይ ያስታመምሁት እኔ ነኝ። ማገላበጡን፣ ማጠቡን፣ ማጉረሱን፣ ሲቆጣ ዝም ማለቱን ተማርሁ። ሲሞት ገላው ላይ አንድ ቁስል አልነበረም። አጥበው የከፈኑት ሰዎች ወጥተው ለእናቴ ይህንኑ ነገሯት። ያን ዕለት በዚያ ሁሉ ልቅሶ መሃል፣ በሕይወቴ አንድ ሥራ በደንብ እንደምችል ገባኝ። ፋይል መደርደር ማንም ይችላል።

የአርባው ሰደቃ ካለፈ በኋላ ነው፣ ጃፓን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ከውጭ አገር ሰው ወስዶ እያሠለጠነ እንደሚቀጥር የሰማሁት። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው። አንድ፣ የጃፓንኛ ፈተና ከታች ሁለተኛውን ደረጃ ያለፉበት ወረቀት። ሁለት፣ ማመልከቻው የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ እንዲገባ። ሦስት፣ ዕድሜ ከሠላሳ ሁለት በታች። እኔ በጥር ሠላሳ ሁለት ይሞላኛል። ሌላው ሰው ቢወድቅ ለከርሞ አለው። ለኔ ከርሞ የሚባል ነገር አልነበረም።

ይህን የነገርሁት ለእናቴ ለዘይነት ብቻ ነው። ሰምታ ስትጨርስ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር በሩን መዝጋት ነው።

“ለማን ነገርሽ?”

“ላንቺ።”

“ከኔ ሌላ?”

“ለማንም።”

“እንዲያ ከሆነ ይሳካል” አለች። “ልጄ፣ ዓይን ሐቅ ነው። ነገርሽን በሆድሽ ያዥ። ግንብ ጀመርሁ ብሎ ያወራ ሰው ጣራ ሲያለብስ አይቻለሁ? አላየሁም።”

ይህን ስትሰሙ ኋላ ቀር ትሉን ይሆናል። በሉን። እናንተስ ቪዛችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ ሳይለጠፍ ለማን ነገራችሁ?

መምህራችን አቶ ወልደ ጻድቅ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ስለ መስኖ ሊማሩ ጃፓን ሄደው ሁለት ዓመት የኖሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። የሚያስተምሩት ከሐይቁ ብዙ በማይርቀው ቤታቸው ሳሎን ነው። በጥር ስንጀምር ስምንት ነበርን፤ ስምንታችንም ሌባ እንመስል ነበር። አንዱ ገብቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላው አይገባም። ስንወጣም እንደዚያው፣ ተራ በተራ። ምናሴ የሚባል መሐንዲስ ክፍል ውስጥ እንኳ የአፍ መሸፈኛውን አያወልቅም። እሌኒ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች፤ ጎብኚ ከቀረ ወዲህ ሥራ የላትም። ለምን እንደምትማር ስትጠየቅ “ለጊዜ ማሳለፊያ” አለች። ሁላችንም ለጊዜ ማሳለፊያ ነበርን። በዚያ ክፍል ጊዜ የተረፈው ሰው ግን አልነበረም።

አቶ ወልደ ጻድቅ በዚህ ይበሳጫሉ። የመጀመሪያው ቀን ቀይ፣ ክብ፣ እጅና እግር የሌለው አሻንጉሊት አምጥተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። ዳሩማ ይባላል አሉ። ዓይኖቹ ባዶ ነጭ ናቸው። ጃፓኖች ዓመቱ ሲጀምር ግባቸውን ይናገሩና አንድ ዓይን ይስሉለታል፤ ግቡ ሲሳካ ሁለተኛውን። እስከዚያ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይቀመጣል።

“ሰው እንዲያየው ነው” አሉ ደጋግመው። “ሰው ካየህ ታፍራለህ፤ ካፈርህ ትሠራለህ። የኛ ሰው ግን ይደብቃል፤ የደበቀውን ቢተወው ማን ያውቅበታል?”

ከዚያ በጥቁር ቀለም አንድ ዓይን ሳሉለት። እሌኒ አማተበች። እኔም ከዓይን ስሸሽ መጥቼ አንድ ዓይና ነገር ሥር መቀመጤ ሳቄን አመጣው፤ ግን አልሳቅሁም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጥሩ ነበሩ። ሰው አዲስ ነገር ሲጀምር ራሱን ጎበዝ ይመስለዋል። እንደኛ ፊደል በድምፅ የሚነበቡትን ሁለቱን የፊደል ገበታ በወር ከመንፈቅ ጨረስሁ። ከዚያ ሥዕል የሚመስሉት ፊደላት መጡ። ማታ ሃያ አጥንቼ እተኛለሁ፤ ጠዋት አሥራ አንዱ የሉም። በሳምንቱ አራት ይቀራሉ። እነዚያ አራቱም ፈተና ላይ የማይመጡት ናቸው። አሥር ፊደል ሳልጽፍ ሻይ አልጠጣም ብዬ ለራሴ ማልሁ፤ በሦስተኛው ቀን ሻዩን ጠጥቼ ፊደሉን ለነገ አልሁት። ግቤን በትልቁ ጽፌ አልጋዬ ፊት ለጠፍሁ፤ እናቴ “ሰው ገብቶ ቢያየውስ?” ብላ ገነጠለችው። ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ በበሩ በውስጠኛው በኩል አጣበቅሁት፤ ልብስ ሳወጣ አየዋለሁ ብዬ። ልብስ ግን ሰው ቸኩሎ ነው የሚያወጣው።

ክረምት ሲገባ ጭራሽ ደከምሁ። ከስምንታችን ሦስቱ ቀሩ፤ ለምን እንደቀሩ እንኳ አልተናገሩም፤ ስልካቸውም ማንም ዘንድ አልነበረም። አቶ ወልደ ጻድቅ “በየቀኑ ከሰው ጋር ተነጋገሩ፤ ቋንቋ በብቻ አይያዝም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው” ይላሉ። ከማን ጋር ልነጋገር? መዝገብ ቤት ውስጥ ከኋላ መደርደሪያዎቹ መሃል እየገባሁ ለፋይሎቹ ሰላምታ እሰጥ ነበር። “ደህና አደራችሁ። ስሜ ሱንዱስ ነው። ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት።” ፋይሎቹ እንኳን ደህና መጣሽ አይሉም። ቃልኪዳን በወዲያኛው በኩል ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። መዝሙር ላይ ናት፣ አልረብሻት ብዬ ድምፄን እቀንስ ነበር።

ከዚያ በፊት ብቸኝነት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ዓመት በሽተኛ ቤት ቁጭ ያልሁ ሰው ነኝ። ግን አባቴ ቢያንስ ይቆጣኝ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ “ዛሬ ስንት ያዝሽ?” ቢለኝ ወላሂ ሃያውንም እይዝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ቃልኪዳን ጠየቀችኝ። ፍልሰታ ነበርና ከአንድ ዕቃ እየበላን ነው።

“ሱንዲ፣ የሆነ ነገር ሆነሻል። ክስት ብለሻል።”

“ጥርሴ ነው።”

“ስምንት ወር ሙሉ? ምን ዓይነት ጥርስ ነው?” እጇን ከምግቡ አነሳች። “ለኔ የማትነግሪኝ ነገር አለ?”

ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ክፋት የሚባል ነገር የለም። ኖሮም አያውቅም። አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን እናቴ ሥር ቁጭ ያለች ልጅ ናት። ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤ የእናቴ ድምፅ መጣብኝ።

“ምን ይኖራል ብለሽ ነው? ወላሂ ምንም የለም።”

“እሺ” አለች። ምግቡን ወደኔ ገፋ አደረገችልኝ። ያን ቀን ማታ ስሰግድ በአላህ ስም በሐሰት መማሌ ጸጸተኝ፤ ግን ለሷ ልንገራት የሚለው ሐሳብ ከዚያም ይበልጥ ያስፈራኝ ነበር።

አዲስ አበባ የሚሰጠው ፈተና ምዝገባ የተከፈተው እኛ ጋ ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመበት ሳምንት ነው። ሲመለስ ምዝገባው ሞልቶ ተዘግቷል። አቶ ወልደ ጻድቅ ስልክ ላይ ሁለት ቀን ዋሉ። ሦስተኛው ቀን ሰበሰቡን።

“ፈታኞቹ በአውሮፕላን እዚህ ድረስ ሊመጡ ተስማምተዋል” አሉ። “ፈተናው ኅዳር መጨረሻ ነው፤ ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል፤ ማመልከቻችሁ ላይ ትደርሱበታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው። ከስድስት ተፈታኝ በታች ከሆነ አይመጡም።”

ተቆጠርን። አምስት ነን።

“ጎበዝ አምጡ አላልሁም። ዝቅተኛውን ደረጃ ይመዝገብ፤ ቢወድቅም ይቆጠራል። ስሙን ጽፎ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው የምፈልግ። ክፍያውን እኔ እችላለሁ። እስከ ጥቅምት ሃያ አንድ ሰው። እህት የላችሁም? ጓደኛ የላችሁም?”

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ምናሴ ከመሸፈኛው ሥር፣ “እኔ እንኳ እዚህ ከተማ ሰው አላውቅም” አለ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሺምብጥ ተወልዶ ሺምብጥ ያደገ ሰው ነው፤ ከእናቱ ጋር ገበያ አይቼዋለሁ። አላጋለጥሁትም። እኔስ ምን አልሁ? “እጠይቃለሁ” አልሁ።

ቤት ሄጄ እናቴን ለመንኋት። አንቺ ተቀመጪልኝ፣ ስምሽን ብቻ ጻፊ አልኋት። “በዚህ ዕድሜዬ ጃፓንኛ ልትፈተን ሄደች ተብሎ?” አለች። “ወሬው ከተማውን ሁሉ ያዳርሰዋል። ‘ምን ሆና ነው?’ ይላሉ። ከዚያ ያንቺን ይደርሱበታል። ልጄ፣ ልረዳሽ ብዬ ላጠፋሽ?” ከልቧ ነው የምትለው። ልጨቃጨቃት አልቻልሁም፤ በሷ ቤት ከሁሉም በላይ እየረዳችኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለችኝ ቃልኪዳን ብቻ ናት። ጥቅምት አሥራ ስምንት ቀን ልነግራት ቆርጬ ሄድሁ። መንገድ ላይ ቃሉን ደረደርሁት። ቃልዬ፣ ዋሽቼሻለሁ፣ ጥርሴ ደህና ነው፣ ይቅር በይኝና አንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀመጪልኝ። ይኸው ነው። ለዚህ ስንት ትንፋሽ ይበቃል?

ቢሮ ስደርስ ግን ቀድማኝ ጀመረች። ማዳመጫዋን አውልቃ፣ ወንበሯን ወደኔ አዙራ።

“ያቺን ከሐሙሲት የመጣችውን ልጅ ሰማሽ? ካናዳ ልትሄድ የነበረችውን?”

“ምን ሆነች?”

“ቪዛ ከለከሏት። ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ፣ በርበሬ ተቀምሞላት፣ ተሸኝታ። ሰው ሳይሄድ ለምን ያወራል ግን?” ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። “አንቺ ብትሆኚ ለሰው ትነግሪ ነበር?”

ማስጠንቀቂያ ነው አልሁ፤ አላህ በሷ አፍ እያስጠነቀቀኝ ነው።

“እኔ? ሞኝ ነኝ?” አልኋት። “የሚሄድ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።”

እጇ ላይ የነበረውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወንበሯን መለሰች። ሻይ ላምጣልሽ አልኋት፤ አልፈልግም አለች። ያን ቀን ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ጥቅምት ሃያ ቀን ከሰዓት በኋላ አምስታችንም አቶ ወልደ ጻድቅ ሳሎን ተቀመጥን። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሰዓት ገባን፤ ከእንግዲህ የሚደበቅ ምን አለ? አሥር ሰዓት ሲሆን ስልክ ደወሉ። “አምስት” አሉ። አዳመጡ። “አውቃለሁ። አይ፣ አምስት ናቸው” አሉ። ስልኩን ዘግተው ሳያዩን፣ “በሉ ልጆቼ” አሉ። ያ ብቻ። ዳሩማውን ከመስኮቱ አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እሌኒ ቀስ ብላ፣ ጃፓኖች ያልተሳካውን ምን እንደሚያደርጉት ጠየቀቻቸው። “ዓመቱ ሲያልቅ ቤተ መቅደስ ወስደው ያቃጥሉታል” አሉ። “እኔ ግን የሚቃጠል ነገር አይቼ ጠግቤያለሁ።”

ምናሴ ሲወጣ መሸፈኛውን አወለቀ። መልከ መልካም ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ኅዳር መጨረሻ ፈተናው ሊሰጥ የነበረበት እሑድ መጣ፤ እቤት ልብስ ሳጥብ ዋልሁ። ረቡዕ ረቡዕ ቢሮ ስውል ሰው “ጥርስሽ ዳነ?” ይለኛል። “ተነቀለ” እላለሁ።

ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ቀን የፈረንጆቹ ዓመት የመጨረሻው ቀን ነው። ከሥራ ወጥቼ እግሬ ወደ ሐይቁ ወሰደኝ። የጎብኚ ጀልባዎቹ እንደታሰሩ ናቸው፤ እምቦጩ ሥራቸው ድረስ መጥቷል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ጃፓን አሁን መሽቶ ዓመቱ ሊያልቅ ነው፤ እኛ ጋ ገና ፀሐይ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው በነሱ የሥራ መውጫ ሰዓት ስለሆነ ነገሩ ከቀትር በፊት አብቅቶለታል ማለት ነው። ይህን ሳስብ አለቀስሁ። ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል፣ አፍንጫዬን በሻርፔ እየጠረግሁ።

ቃልኪዳን ተከትላኝ መጥታለች። አጠገቤ ተቀመጠች። ምን ሆንሽ አላለችም።

“ነገሩ አብቅቷል፤ እንግዲህ ልንገርሽ” አልኋት። ነገርኋትም፤ ከአባቴ እስከ መጦሪያው፣ ከጥርሴ እስከ ዳሩማው። “ስድስት ሰው ነበር የሚያስፈልገን። አምስት ነበርን። አንድ ሰው ቃልዬ፣ አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፍቶ!”

ውኃውን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ “ሺቴ ኢማሽታ” አለች።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከሷ አፍ ያልጠበቅሁት ቋንቋ ነው። ከዚያ ገባኝ። አውቅ ነበር ማለት ነው። በጃፓንኛ።

“ምን አልሽ?”

“አውቅ ነበር አልኩሽ። ሁለት ዓመቴ ነው። በስልኬ ነው የምማረው። መዝሙር የሚመስልሽ እሱ ነው። እዚያ ሄጄ ለመሥራት ነበር፤ እንዳንቺው። አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ።”

“የአቶ ወልደ ጻድቅን ክፍልስ ታውቂ ነበር?”

“ጥቅምት ላይ ቁጥራቸውን አግኝቼ ደወልኩላቸው። ደስታቸውን ብታዪ። ‘ልጄ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለን፣ ነይ’ አሉኝ። እነማን ናቸው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ የሚያውቀኝ ሰው ከሌለ ልመጣ። ‘ሱንዱስ የምትባል ጎበዝ ልጅ አለች፣ መዝገብ ቤት የምትሠራ’ አሉኝ።” ወደኔ ዞረች። “ስልኩን ዘጋሁት።”

“ለምን?”

“ለምን ትያለሽ?” ቆጣ አለች። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። “ዓመት ሙሉ ቅርንፉድ አመላለስኩልሽ! ሽሮ አቀጠንኩልሽ! ሰው የሚደብቀው ከምቀኛው ነው። አንቺ የደበቅሽኝ እኔን ነው። ምቀኛ ናት ብለሽ ፈርተሽኛል ማለት ነው። እንዴት ብዬ እመጣለሁ? ‘ይኸው ምቀኛሽ መጣሁ’ ብዬ?”

“አንቺስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቀሽኝ የለም?”

ሁለታችንም ውኃውን አየን።

“የሐሙሲቷን ልጅ ወሬ ያነሳሁት” አለች ቆይታ፣ “አንቺ እንድትጀምሪልኝ ነበር። እምልሻለሁ። አንድ ቃል ብትተነፍሺ ያኔውኑ ልደውልላቸው ስልኩን በእጄ ይዤ ነበር። ‘የሚሄድ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚሄደው’ አልሽኝ።”

ያን ቀን መንገድ ላይ የደረደርሁትን ቃል አንድ በአንድ አስታወስሁት። ይቅር በይኝና አንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀመጪልኝ። ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተገጥመን፣ ሁለት ሴቶች አንድ ቋንቋ እየተማርን። እኔ ለመደርደሪያ ሰላምታ ስሰጥ፣ እሷ ከስልክ ጋር ስታወራ። ልስቅ ፈልጌ አልመጣልኝም።

“ስንት ዓመትሽ ነው?” አልኋት። አውቀዋለሁ፤ የልደቷን ኬክ ሰባት ጊዜ በልቻለሁ።

“ሃያ ስምንት።”

አራት ዓመት ማለት ነው። አራት ጊዜ መውደቅ ትችላለች። እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሠላሳ ሁለት ይሞላኛል፤ እሷን ገና አራት ዓመት ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። ይህቺ ልጅ ባትሄድ፣ ከጠረጴዛዬ ባትነሣ አልሁ በልቤ። ዓመት ሙሉ ከምቀኛ ስሸሽ ከርሜ፣ ምቀኛዋ እኔው ሆኜ ተገኘሁ። እናቴ ዓይን ሐቅ ነው ያለችው እውነቷን ነው፤ የማን ዓይን እንደሆነ ብቻ አልነገረችኝም።

“አቶ ወልደ ጻድቅ በጥር እንደገና ሊጀምሩ ነው አሉ” አለች። “ሰው ከተገኘ። እሌኒ ትቀጥላለች። ልሄድ አስቤያለሁ።”

“ሂጂ” አልኋት።

“ከፋሽ?”

“አልከፋኝም።” በአላህ ስም አልማልሁም፤ ይህን ያህል ተምሬያለሁ። “ሂጂ፤ አንቺ ከኔ ይልቅ ጎበዝ ነሽ።”

እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ባጃጆቹ ሳይገቡ እንሂድ ብላ ተነሣች፤ ቀሚሷን አራገፈች። ጥቂት እንደሄድን ቆም አለች፤ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ሱንዲ፣ ብቻ አደራሽን።”

“ምን?”

“እስኪሳካልኝ ድረስ ለሰው እንዳታወሪብኝ። የሰው ዓይን ጥሩ አይደለም።”

“ለማን አወራለሁ?” አልኋት።